በዝርዝሩ ግርጌ የነበረ ስም

ባለፈው፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የልጅ ልጆቼ ተማክረው መጡና «አባባ፣ አዋሽ ፓርክ እንውሰድዎት፤ ሳላ ያያሉ፣ ፏፏቴ ያያሉ፣ አየር ይለውጣሉ» አሉኝ። ዘጠናን ካለፍኩ ወዲህ ሰው ሁሉ አየር ሊለውጥልኝ ይፈልጋል። እኔ ግን የልደታ አየር ያላነሰኝ ሰው ነኝ፤ ዛሬም ጋዜጣ የማነበው ያለ መነጽር ነው፣ ደረጃ የምወጣው ያለ ምርኩዝ ነው። እሺ ያልኳቸው አየሩን ብዬ ሳይሆን «አዋሽ» የሚለው ቃል ሆዴን ስለነካው ነው። ሜሮን፣ የበኩር ልጄ ልጅ፣ መሪውን ይዛ፣ እኔን ከፊት አስቀምጣ፣ ሦስቱ ከኋላ ሆነው እየተሳሳቁ ወረድን። መተሐራ ልንገባ ስንል በሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ጠርዝ ደርሶ ተኝቷል። ያኔ እኔ ሳውቀው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ኩሬ ነበር። ጥቁሩ ድንጋይ ግን እንደ ጥንቱ ነው፤ ፈንታሌም እንደ ጥንቱ አናቱ ተቦድሶ ቆሟል። መስኮቱን ዝቅ ሳደርገው የጋለ አቧራና የግራር ሙጫ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ስንት ዘመን ያላሸተትኩት ሽታ ነው፣ ሆኖም ወዲያው አወቅሁት።

በፓርኩ በር ላይ ጥበቃው መዝገብ አቀረበልን። ስም፣ የመጡበት፣ የሰው ብዛት፣ ፊርማ። ሜሮን እስክሪብቶውን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ «ተይ ልጄ፣ እኔ ባለሁበት መዝገብ ላይ ሌላ ሰው አይጽፍም» አልኳት። ይህ በቤታችን የታወቀ ሕግ ነው። የሠርግ መጥሪያ ቢሆን፣ የዕድር መዝገብ ቢሆን፣ የእኔ እጅ ያልነካው ጽሑፍ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ስሜን አስተካክዬ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ የአባቴን ስም፣ «ተሰማ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ጥበቃው ትሑት ልጅ ነው፤ «አባቴ፣ ደክሞዎት ከሆነ እሷ ትጻፈው» አለኝ። አልደከመኝም። በዚያው አገር፣ ከዚያ በር ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ በሌላ ዝርዝር ፊት ቆሜ አውቃለሁ። ያኔ ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ አገሩም የጣሊያን ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለማፈር ሳይሆን ለመኩራት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በልደታ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ቁጭ ብዬ፣ የኔታ ልጆችን ሲያስቀጽሉ እየሰማሁ፣ ከአባቴ ሱቅ በለቀምኩት ቁራጭ ቆዳ ላይ በወስፌ እየጫርኩ ነው። ጣሊያን ሲገባ ደግሞ ቋንቋውን ከግድግዳና ከሣጥን ላይ ተማርኩት። የወይን ሣጥን አነበብኩ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አነበብኩ፣ የዱቄት ጆንያ አነበብኩ። «ቪየታቶ» ማለት «ክልክል ነው» ማለት እንደሆነ የተማርኩት በአንድ ሶልዳቶ፣ በአንድ ወታደራቸው ጥፊ ነው፤ አንድ ቃል በአንድ ጥፊ፣ ርካሽ ትምህርት ነበር። በስድስት ወር ውስጥ በሰፈራችን በር ላይ የሚለጠፈውን አዋጅ ሁሉ ሰው ሰብስቤ የማነብ እኔ ሆንኩ። ካህናቱ እንኳን ግዕዝ ያውቃሉ እንጂ ያንን አያውቁትም ነበርና ወደ እኔ ይመጡ ነበር። እህቴ አስካለ ብቻ ናት ያላከበረችኝ። እኔ ወረቀት ይዤ ስገባ «ተነሡ፣ ተነሡ፣ ሊቀ ሊቃውንት መጡ!» ትል ነበር።

አባቴ ግን ይኮራብኝ ነበር። አባቴ ተሰማ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከሰንጋ ተራ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች፤ ከደጃፏ ላይ ኮርቻ፣ ልጓም፣ እርካብ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል። ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ስለሰፋ ግራ ትከሻው ወደ ታች ያዘነበለ ነበር፤ ሲራመድም አንድ ባልዲ ውኃ የያዘ ሰው ይመስላል። እሱ ራሱ ፊደል አይቆጥርም። ደንበኛ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ሳያየው እንኳን «ልጄ ያነበዋል» ይላል። ለጎረቤት «ልጄ ያነበዋል»፣ ለባላገር «ልጄ ያነበዋል»። እኔም ከውስጥ እወጣና እጄን ጠርጌ አነባለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ሹመት እስከ ዛሬ አላየሁም።

ዛሬ ያቺን ሱቅ ፈልጌ አላገኛትም። ሰንጋ ተራ ፎቅ ሆኗል፤ የበሬ ሽታ በነበረበት የሲሚንቶ ሽታ ነው ያለው። የእኛም ቤት ከነጓሮው ሄዶ በቦታው ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አንዳንድ ቀን በሜክሲኮ በኩል ስመለስ ቆም ብዬ በዓይኔ እለካለሁ፤ የእናቴ ማጀት አሁን ሰው መኪና የሚያቆምበት ላይ ነው፣ አባቴ የሚተኛበት መደብ ደግሞ የደረጃው ሥር ነው። ያኔ በዚያ ሰፈር ወንዱ ሁሉ ካኪ ሱሪ መልበስ ጀምሮ ነበር፤ እኔም አንድ ነበረኝ፣ ጉልበቱ ላይ አስካለ የጠቀመችው። በጣሊያን ሊሬ የማይሸጥ ነገር አልነበረም፤ ሆኖም ሴቶቹ ማርትሬዛ ብር ካላዩ ቅቤ አይሰጡም ነበር፣ «ወረቀት ቂጣ አይቀባም» እያሉ። ከአንዱ ቡና ቤት ቀኑን ሙሉ የጣሊያን ሸክላ ይዘፍናል። የእኛ ሰው ግን ዘፈን ትቶ ነበር። ሠርግ እንኳን በጭብጨባ ብቻ ያልፍ ነበር።

አባቴ የሰፋቸው ኮርቻዎች አንዳንዶቹ ገዢያቸው ሳይታወቅ ነው የሚሄዱት። ለማን እንደሚሄዱ ጠይቄ አላውቅም፤ ሆኖም በየጫካው በፈረስ የሚዋጋ ሰው እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ቀን «ተሰማ ኮርቻ ሰፊው ይፈለጋል» የሚል ወሬ በሰፈሩ ገባ። በማግስቱ ከብት ገበያው ተከቦ እዚያ የነበረው ወንድ ሁሉ ታፈሰ፤ አባቴም ከመካከላቸው ነበር። በስሙ ተፈልጎ ይያዝ፣ ከሕዝብ ጋር ተደባልቆ ይያዝ አላወቅንም። እናቴ በላይነሽ እስር ቤቱን ሁሉ ዞረች። የትም «ተሰማ የሚባል የለም» ነው የሚሏት። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ አልለበሰችም፤ ሐዘንተኛም ሚስትም ሳትሆን ቀረች።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ጋሼ ኑሩ የመጣው። ኑሩ የወሎ ሰው ነው፤ ከተክለ ሃይማኖት ጀርባ ይኖራል፣ ለመንገድ ሥራ ዱቄትና ሲሚንቶ የሚያመላልስ አሮጌ የጭነት መኪና ይነዳል። ገብቶ ተቀመጠና ለእናቴ እንዲህ አላት። «እሜቴ በላይነሽ፣ አየሁ አልልም፣ አላየሁም አልልም። ከመተሐራ ማዶ፣ በረሃው ላይ፣ እስረኛ ድንጋይ የሚፈልጥበት ቦታ አለ። ከሩቅ ነው። አንዱ ግን ትከሻው...» ብሎ የራሱን ግራ ትከሻ ዝቅ አደረገ። እናቴ አላለቀሰችም። ተነሥታ ድርቆሽ የሚሆን እንጀራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ጀመረች።

የመሄጃ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ማመልከቻውን በጣሊያንኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሰፈሩ ሌላ ማን ሊጽፍ! ሹሙ አነበበው፣ ሳቀ፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ ማኅተሙን መታበት። በአድናቆት የሳቀ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ቋንቋውን በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው እናቴንና እህቴን በጭነት ዕቃ መሥመር ላይ እንደመዘገብኳቸው የገባኝ። ሆኖም ማኅተም ማኅተም ነው፤ ፈቃዱ ሠራ።

ከዱቄቱ ጆንያ ላይ እናቴና አስካለ ተቀመጡ፤ እኔ ከኑሩ ጋር ጋቢና ገባሁ። እናቴ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ አንድ የታጠበ እጀ ጠባብና አንድ ሳሙና ይዛለች። አቃቂን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን አለፍን። ከአዳማ በኋላ ምድሩ እየዘቀጠ፣ ሙቀቱ እንደ ሰው እጅ ከአንገት ሥር እየገባ መጣ። መኪናው በየዳገቱ ይቆማል፤ ኑሩ ወርዶ ውኃ ይጨምርለታል፣ ዱዓ ያደርግለታል፣ ደግሞ ይሰድበዋል። ከወለንጪቲ ወዲያ አንድ ግራር ሥር አረፍን። እዚያ ነው ሳላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፤ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቆመ፣ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ የተቀባ፣ ሃምሳ ይሁኑ ስልሳ ቆመው ያዩናል። እናቴ ዓይኗን በእጇ ከልላ አየቻቸውና «ይህ ሁሉ የማን ከብት ነው? እረኛ የለውም?» አለች። ኑሩ በሳቅ ወደቀ። አስካለ «ጠይቁት እንጂ ሊቀ ሊቃውንቱን፣ ምልክታቸውን አንብቦ ባለቤታቸውን ይነግረናል» አለች። እናቴም ሳቀች። ከሰባት ወር በኋላ ሳቋን ሰማሁት።

የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ምንም አጥር አልነበረም፤ በረሃው ራሱ አጥር ነው። መንገዱ ዳር በኖራ የተቀቡ ነጫጭ ድንጋዮች ተደርድረዋል፣ ከእነሱ ወዲያ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ ከቤቱ ወዲያ ጥቁር ኮረብታ። ኮረብታው ላይ ሰዎች እንደ ጉንዳን ይንቀሳቀሳሉ፤ የመዶሻው ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰን። ጠባቂው አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ «ሴት ከነጩ ድንጋይ አታልፍም» አለ። ዱቄቱ እስኪራገፍ ድረስ አንድ ሰው ብቻ ገብቶ ዝርዝሩን እንዲያይ ፈቀደ፤ ስሙ ያለበት እስረኛ ተጠርቶ ወደ ነጩ ድንጋይ ይመጣል፣ ስንቁን ይቀበላል፣ ይመለሳል። የገባሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይገባል?

ዝርዝሩ የቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ተመትቷል፤ በፊደል ተራ፣ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ ፀሐይ ያነጣው። ወደ «ቲ» ፊደል ሄድኩ። ታፈሰ አለ፣ ተክሌ አለ፣ ቱሉ አለ። ተሰማ የለም። በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከጀርባዬ እናቴ ጮኸች።

«አገኘኸው?»

«እያየሁ ነው!»

«የክርስትና ስሙንም እይ!»

አስካሪው ዘወር ብሎ አየኝ፤ አፈርኩ። «እማዬ፣ ጣሊያን የክርስትና ስም አያውቅም፤ ዝም በይ!» ብዬ መለስኩላት።

«አንተ ልጅ! ሰው በጭንቅ ቀን የሚይዘው የክርስትና ስሙን ነው! ቁምልኝና ልንገርህ!»

አልቆምኩላትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ የአባቴን የክርስትና ስም አላውቀውም ነበር። በዚያ ዘመን የአባት የክርስትና ስም አይጠየቅም፤ የሚያውቁት ቄሱና ሚስቱ ናቸው፣ ክፉ ሰው ከሰማው ድግምት ይደገምበታል ተብሎ ይሸሸጋል። እናቴ እሱን በአስካሪ ፊት በጩኸት ልታወጣው አልደፈረችም፤ ወደ እሷ እንድመለስ ፈልጋ ነው። ሃያ እርምጃ ነው። እኔ ግን በአዋቂነቴ መሐል ገብታ በሰው ፊት የተጣራች መሰለኝ። ለአስካሪው «ኖን ቼ» አልኩት፤ የለም ማለት ነው። እሱም «ኖን ቼ» አለና ትከሻውን ነቀነቀ። ቋንቋውን አሳምሬ በመናገሬ ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደነበረ አልክድም።

ስመለስ እናቴ ወደ ኮረብታው እያየች ነው። «ያንን እየው» አለችኝ። «ከዳር የቆመውን። መዶሻውን ያስቀመጠውን። ትከሻው...»

«እማዬ፣ በረሃ ሰው ያስመስላል። ውኃ ያለ ያስመስል የለ?»

«ወደዚህ ነው የሚያየው።»

«ሁሉም ወደዚህ ነው የሚያዩት፤ መኪና አይተው ነው። ዝርዝሩን እኮ አንብቤዋለሁ። ወረቀት አይዋሽም።»

አስካለ እንኳን አልቀለደችብኝም። «እርግጠኛ ነህ?» ብቻ አለችኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮረብታውን አየች። ልጇ ያነባል፤ እሷ አታነብም። ነጠላዋን ሰብስባ መኪናው ላይ ወጣች፤ የምትቀመጥበት ጆንያ ስለተራገፈ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች። ስንቁን በጉያዋ እንደያዘች ነበር።

በመንገድ ላይ ኑሩ «አብሽር፣ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ አላህ ያውቃል» እያለ ሊያጽናናኝ ሞከረ። እኔም ላስቀው አልኩና ያየሁትን ነገርኩት። «ጋሼ ኑሩ፣ እነዚህ ሰዎች ‹ወልደ› የሚለውን እንዴት እንደሚጽፉት ታውቃለህ? በ‹ኡ› ነው የሚጀምሩት። ከዝርዝሩ ግርጌ አንዱን ምስኪን ‹ኡኦልደ ሰምበት› አድርገውታል። ውሻ የሚጮህ ነው የሚመስለው!» ኑሩ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላችን፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣ እናቴ ተቀምጣለች፤ የሞተሩ ድምፅ ባይኖር ትሰማን ነበር።

ድርቆሹን ቤት ከተመለስን በኋላ ከእኛ የበላው ሰው የለም። እናቴ ለነዳያን ሰጠችው። ያ በመጋቢት ነው። ከዚያ ግንቦት ልደታ መጣች፤ የሰፈራችን ንግሥ። በጣሊያን ጊዜም ቢሆን ንፍሮ መቀቀል አልቀረም ነበር፤ ጎረቤቱ ደጅ ላይ እሳት አንድዶ፣ ስንዴውንና ባቄላውን ቀላቅሎ፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ በእፍኙ ይሰጣል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቅያስ ላይ ቆሜ ነበር፣ እንደ ልማዴ ሰው ከቦኝ አዲስ የወጣ አዋጅ እያነበብኩ። አንድ የከሳ ሰውዬ መጣ። ቆዳው ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል፣ ዓይኑ ቢጫ ነው፣ በእግሩ ላይ የካቴና ጠባሳ አለ። «የጋሽ ወልደ ሰንበት ቤት የት ነው?» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አዋጁን እንደያዝኩ «ልደታ ውስጥ እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አልኩት።

«ልደታ ነው ያሉኝ። ኮርቻ ሰፊ ናቸው።»

«ጌታዬ፣ ይህን ሰፈር ቤት በቤት አውቀዋለሁ፤ ወልደ ሰንበት የሚባል የለም፤ ተሳስተው ነው» አልኩት፤ ድምፄ እስከ ንፍሮው እሳት ድረስ ተሰምቷል። እናቴ እፍኟን ሙሉ ንፍሮ ለአንድ ሽማግሌ ልትሰጥ እጇን እንደዘረጋች ነበር። ንፍሮው ከእጇ ፈሰሰ።

«የኔ ነው» አለች። «ወልደ ሰንበት የኔ ባል ነው።»

ሰውዬውን ቤት አስገባነው። ስሙ በየነ ነው፤ አብሮት ታስሮ፣ ታሞ፣ ሊሞት ነው ተብሎ የተለቀቀ ሰው። ውኃ ጠጥቶ ሲያበቃ ለእናቴ እየነገራት፣ አንዳንዴም እኔን እያየ እንዲህ አለ። «የታፈስን ዕለት ስማችንን ሲመዘግቡ ከባለቤትዎ ጎን ነበርኩ። በዓለም ስማቸው እንደሚፈለጉ ሰምተው ኖሮ የክርስትና ስማቸውን ሰጡ፤ እኔም ደጅ ላይ በእሱ የጠየቅሁት የተፈለገውን ስም በሰው መሐል መጥራት ፈርቼ ነው። ያ ስም ከስቅላት አዳናቸው። መኪናዋ የመጣች ቀንም አብረን ነበርን። ከሩቅ በነጠላዎ አወቁዎት፣ እሜቴ። መዶሻቸውን አስቀመጡ፣ ከምንጠጣት ውኃ በጣታቸው ነክተው ፊታቸውን አበሱ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። ‹ልጄ ያነበዋል፤ አሁን ይጠሩኛል› አሉኝ። ቆሙ። ከዚያ መኪናዋ ዞረች።»

አስካለ ናት የጠየቀችው። «ከዚያስ ምን አለ?»

«መኪናዋን በዓይናቸው ሸኙ። ከዚያ ሳቁ። ‹ልጄ ብልህ ነው› አሉኝ። ‹ስሜን አይቶታል። ቢያስጠራኝ ከየት መጣችሁ፣ የማን ልጅ ነህ ተብሎ ተሰማ መሆኔ ይወጣ ነበር። እንዳያሰቅለኝ ብሎ ነው አንጀቱን አስሮ የተመለሰው። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ሰው አይሞትም› አሉ። እስከ መጨረሻቸው ይህንኑ ነው ለሰው የሚያወሩት። ወባው ሲጥላቸውም ይህንኑ። ያረፉት ከፋሲካ በኋላ ነው። በኮረብታው ግርጌ፣ ግራሩ ሥር ነው አፈር ያለበስናቸው።»

በየነ ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነበር። እጄን ይዞ «አባትህ ኮርቶብህ ነው የሞተው» አለኝ። በዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የምናውቅ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ እናቴና አስካለ። አስካለ አፏን ልትከፍት ስትል እናቴ በዓይኗ አስቆመቻት። ለበየነም ሆነ ለሌላ ሰው፣ እስከ ሞቷ ድረስ፣ አንዲት ቃል አላወጣችም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቀጣችኝ። ለፍትሐቱ ልደታ ሄደን ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰው ሁሉ ወደ እሷ አየ። የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞራ «አንተ ንገራቸው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ቄሱ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ወልደ ሰንበት» አልኩ። ያ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙ ሆኖ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን ሄደ፣ መንግሥት ተመለሰ፣ መንግሥትም ተለዋወጠ። እኔ በተክለ ሃይማኖት ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ፤ የሰማ ይመስክር፣ የእኔ ማመልከቻ «አልገባንም» ተብሎ የተመለሰበት ቀን የለም። ከዳኛ ፊት የቆመ ጠበቃ እንኳን ሐረግ ሊበደር ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ሆኖም ለሚመጣው ሰው ሁሉ፣ እስክሪብቶ ከማንሣቴ በፊት፣ «ሌላ ስም አለዎት?» ብዬ እጠይቅ ነበር። የጠፋ ልጅ የሚፈልግ፣ እስረኛ የሚፈልግ፣ ርስት የሚፈልግ፣ ሁሉንም። የሰፈሩ ሰው ቅጽል ስም አውጥቶልኝ «ሌላ ስም አለዎት ጋ ሂድ» ይባባል ነበር። ለምን እንደምጠይቅ የጠየቀኝ አልነበረም፤ የአዋቂ ልማድ መስሏቸው ነው።

እናቴ እስክታረጅ ድረስ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቱን ስታሾር አንዲት እንጉርጉሮ ነበረቻት፤ ከራሷ ያወጣቻት ናት፣ ሌላ ሰው ሲላት አልሰማሁም፦

አንተም አልጠራኸኝ፣ እኔም አልጠራሁህ፣
በስም ነው የሳትኩህ፣ በዓይኔማ አየሁህ።

እኔ ስገባ ታቆማለች። ልትሞት ሰሞን አንድ ደብተር አስገዛችኝና ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችኝ። የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም እየጠራች አስጻፈችኝ፤ የራሷን፣ የአስካለን፣ የልጆቼን፣ ከአያቶቿ ጀምሮ። ስንጨርስ «አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ከግርጌ ያሉትንም» አለች። ያን ደብተር ለሜሮን አውርሻታለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አዋሽ እስከሄድንበት ቀን አልነገርኳትም ነበር።

የፓርኩ ጥበቃ መዝገቡን እንደያዘልኝ ቆሟል። ሜሮን «አባባ፣ ደህና ነዎት? እኔ ልጻፈው?» አለች። «አይ» አልኳት። ከመጻፌ በፊት ያንን ኮረብታ በዓይኔ ፈለግሁት። ሁሉም ኮረብታ ጥቁር ነው፣ ሁሉም ግርጌ ግራር አለው። የልጅ ልጆቼ አንድ የሳላ መንጋ አይተው በስልክ ፎቶ እያነሱ ይጯጯሃሉ። ካቆምኩበት ቀጥዬ ጻፍኩ። የእኔን ስም ከነአባቱ፣ የሜሮንን፣ የሦስቱን። ከዚያ ከግርጌ፣ በሚያምረው እጄ፣ ማንም ሊስተው በማይችል ጉልህ ፊደል «ወልደ ሰንበት» ብዬ ጻፍኩ። በሰው ብዛት ላይ ስድስት አልኩ።

ጥበቃው መዝገቡን ተቀብሎ አነበበ፤ አንገቱን አስግጎ መኪናው ውስጥ ያሉትን በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ።

«አባቴ፣ አምስት ናችሁ» አለኝ። «ይህ... ወልደ ሰንበት የሚሉት የታሉ?»

ስሙን ጮክ ብሎ ነው የጠራው። በዚያ በረሃ ላይ፣ በር ላይ በቆመ ጠባቂ አፍ፣ ተጠራ።

«እሱ» አልኩት፣ «ቀድሞን ገብቷል።»